ሽንኩርቱን ለሌላ፣ ኪሮሹን ለራስዎ
ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር እየኖሩ የእጅ ሥራን በምቾት መሥራት

ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ጣቶችዎ አልታጠፍ ይሉዎታል? የጠርሙስ ክዳን ለመክፈት ልጅዎን ይጠራሉ? ማታ ቴሌቪዥን እያዩ ሁለት ረድፍ ዳንቴል ከሠሩ በኋላ የአውራ ጣትዎ ሥር ይጠዘጥዝዎታል? እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ለዓመታት የኖሩበትን ኪሮሽ፣ ሹራብ፣ ጥልፍ፣ ፈትል ወይም ስፌት በሕመም ምክንያት ሊተዉት አስበው ከሆነ፣ ውሳኔውን ለአንድ ወር ያቆዩት። ምናልባት መቀየር ያለበት አሠራሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። እጅ መታመም ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀረው የእጅ ሥራው ነው። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ዘንቢሉ ከገበያ ይመጣል፤ እነዚህ «ግድ» ናቸውና። ዳንቴሉ ግን «ባይሠራስ» ይባላል። ከቀኑ ሁሉ የእርስዎ የነበረችው አንዲት ሰዓት ትሄድና ለእጅ ከባድ የሆነው ሥራ ሁሉ ይቀራል። እጅዎም አያርፍ፣ ልብዎም አይደሰት። ሂሳቡን ገልብጠን ብናየው ይሻላል።

ሁሉም «ቁርጥማት» አንድ አይደለም

የእጅና የእግር ሕመም ሲነሳ «ብርድ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ይባልና ይታለፋል። የመገጣጠሚያ ብግነት ወይም አርትራይተስ ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ቢያንስ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

በብዛት የሚታየው ኦስቲኦአርትራይተስ ነው። በአጥንቶች ጫፍ ላይ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ ይመጣል። እጅ ላይ በአብዛኛው የሚያጠቃው የአውራ ጣትን ሥር፣ የጣቶችን መካከለኛ መገጣጠሚያና ለጥፍር የሚቀርበውን ጫፍ ነው። በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ሽምብራ ያሉ ጠንካራ እብጠቶች ሊወጡ ይችላሉ። ጠዋት እጅ ቢተሳሰርም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፍታታል። ሲሠሩበት ያማል፣ ሲያርፉ ይቀላል።

ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ በወጣትነትና በጉልምስና ዕድሜም ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እጆች ይይዛል። መገጣጠሚያው ይሞቃል፣ ለስለስ ያለ እብጠት ይኖረዋል፤ የጠዋቱ መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ድካምም አብሮ ይመጣል። ይህኛው በቶሎ ሕክምና ካልተጀመረለት መገጣጠሚያን የሚያበላሽ በመሆኑ «ይለፍልኝ» ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

ሦስተኛው ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጥቃቅን መርፌ ሲጠራቀም ይከሰታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድንገት፣ ሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት ላይ ነው። ሰው የእጅ ሕመምን ሁሉ ሪህ ሲል ብንሰማም አብዛኛው የእጅ ሕመም ሪህ አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ፣ ሌሊት አውራ ጣትዎ፣ ጠቋሚና የመሃል ጣትዎ እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱዎት ከሆነ ችግሩ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆን ሊሆን ይችላል። እሱም የራሱ ሕክምና አለው።

ስለ ብርዱስ? ቅዝቃዜ በሽታውን አያመጣውም። ነገር ግን በክረምትና በማለዳ ጣቶች ይበልጥ እንደሚተሳሰሩ ብዙ ሕሙማን ይናገራሉ። ስለዚህ እጅን ማሞቅ ትርጉም አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አውራ ጣትዎ የሚሸከመው

ኪሮሽ፣ የጥልፍ መርፌና ወስፌ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሦስቱም የሚያዙት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመና እስካሁን የሚጠቀስ የአጥንት ሕክምና ጥናት እንዳሳየው፣ በጣት ጫፍ አንድ ኪሎ ያህል ጉልበት ተጠቅመን አንድ ነገር ስንቆነጥጥ በአውራ ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል። አጥብቀን ስንጨብጥ ደግሞ ጫናው ከዚህም ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ቀጭን እቃን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ምን ያህል እንደሚጎዳ። ሁለተኛ፣ አያያዝን በትንሹ ማላላት ምን ያህል እንደሚያተርፍ። ጣትዎ ላይ የምትቀንሷት ትንሽ ጉልበት በመገጣጠሚያው ላይ አሥራ ሁለት እጥፍ ሆና ትቆጠራለች። ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ምክሮች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

የእጅዎን ጉልበት እንደ ወር ደመወዝ ይመድቡ

የታመመ እጅ በቀን የሚያወጣው ጉልበት ልኩ የታወቀ ነው። ጠዋት ላይ ሁሉንም ካወጡት ማታ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የእጅዎን ጉልበት የት እንደሚያጠፉት ለሦስት ቀን ያህል ይታዘቡ። ብዙዎች የሚደርሱበት መልስ ተመሳሳይ ነው፦ የታጠበ ልብስ መጭመቅ፣ ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት መክተፍ፣ ከባድ ድስት በጆሮው ማንሳት፣ ዘንቢልና ፌስታል በጣት አንጠልጥሎ መሄድ፣ ጠንካራ ክዳን መፍታት፣ ሊጥ ማቡካት።

እነዚህን ሁሉ መተው አይቻልም፤ ማቅለል ግን ይቻላል። ልብስ ከመጭመቅ ይልቅ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ሳይጨመቅ ማስጣት፣ ወይም ብረት ላይ ጠቅልሎ በመዳፍ ወደ ታች መጫን። ድስት በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፎ ማንሳት፤ ከተቻለም ሳያነሱ በጠረጴዛው ላይ መግፋት። ዘንቢል ክንድ ላይ ወይም ትከሻ ላይ ማንጠልጠል። ክዳን ላይ ቁራጭ ላስቲክ ወይም የጎማ ጓንት አድርጎ በጣት ሳይሆን በመዳፍ ማዞር። የደነዘዘ ቢላ እጅን ይገድላል፤ ያስሉት። ሽንኩርቱን ደግሞ ጉልበት ላለው ይስጡት።

ትልቅ ድግስ የሚከተፍበት ቀን ላይ የእጅ ሥራ አይሥሩ። ያን ቀን ደመወዙ አልቋል።

ከመጀመርዎ በፊት አሥር ደቂቃ

ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም፤ እጅም እንደዚያው ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይንከሩ፤ ወይም በሙቅ ውሃ የተዘፈዘፈ ፎጣ ይጠቅልሉበት። የስኳር ሕመም ካለብዎትና እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይለኩት ወይም ሌላ ሰው ይለካልዎት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይናገርም። መገጣጠሚያው አብጦ የሚያተኩስ ከሆነ ደግሞ ከሙቀት ይልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ሊሻል ይችላል።

የሙቅ ውሃን ፈውስ አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸውና ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ፍል ውሃ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያላላል፣ የተሳሰረውን ያፍታታል፣ ለጥቂት ሰዓት ሕመም ያስታግሳል። ሩማቶይድን ከሥሩ የሚያቆም መድኃኒት ግን አይደለምና ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ቦታ አይተኩት።

እጅዎ ሲሞቅ እነዚህን አራት እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸውን አምስት አምስት ጊዜ በዝግታ ይሥሩ።

• ጣቶችዎን ዘርግተው ቀስ ብለው ልል ጭብጥ ያድርጉ፤ መልሰው ይዘርጉ።
• ጣቶችዎን ቀጥ እንዳሉ ከሥራቸው ብቻ በማጠፍ እጅዎን የጠረጴዛ ቅርጽ ያስይዙ።
• የአውራ ጣትዎን ጫፍ በየተራ ከአራቱም ጣቶች ጫፍ ጋር ክብ ሠርተው ያገናኙ።
• መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጣቶችዎን ከፈት፣ ገጠም ያድርጉ።

እስከሚያምዎት ድረስ አይግፉ። ጠንካራ ኳስ መጭመቅ ጥሩ ነው ሲባል ሊሰሙ ይችላሉ፤ የአውራ ጣት ሥር ለሚያመው ሰው ግን ራሱ ጫና ስለሚሆን ፊዚዮቴራፒስት ሳያማክሩ አይጀምሩት።

አቀማመጥ፣ ትራስና ብርሃን

ብዙ ጊዜ የእጅ ሥራ የሚሠራው በርጩማ ላይ ጎንበስ ተብሎ ወይም አልጋ ላይ ተጠምዝዞ ነው። አንገትና ትከሻ ሲጨናነቁ እጅም ያለ አስፈላጊነት ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የጀርባ ድጋፍ ያለው ወንበር ይምረጡ፤ ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይንኩ። ጭንዎ ላይ ትራስ ያድርጉና ክርኖችዎን ያሳርፉበት። ሥራውን ወደ ዓይንዎ ያምጡት፤ ዓይንዎን ይዘው ወደ ሥራው አይውረዱ።

ብርሃን ሌላው የተዘነጋ ነገር ነው። በደንብ የማናየውን ነገር አጥብቀን እንይዛለን። ቀን ከሆነ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ማታ ከሆነ መብራቱ ከትከሻዎ በላይ ይምጣ። መነጽር የሚያስፈልግዎት ከሆነ መነጽሩ የእጅዎም መድኃኒት መሆኑን አይርሱ።

በየሙያው ምን ይቀየር?

ኪሮሽ። ለሶፋ ዳንቴል የሚያገለግለው የብረት ኪሮሽ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ክሩም ቀጭንና የማይለጠጥ ጥጥ ነው። ለታመመ ጣት ከዚህ የከፋ የለም። ወደ አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ኪሮሽና ለጠጥ ወደሚል የሱፍ ክር ይሸጋገሩ። የሶፋ ልብሱ ይቅርና የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ሻርፕ ወይም ኮፍያ ይሥሩ። የኪሮሹን እጀታ ያወፍሩት፤ የፀጉር መጠቅለያ ስፖንጅ ቢጎዲን መሃሉ ላይ ቢያጠልቁበት ወይም ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስተር ቢያስሩት ይበቃል። እንደ እርሳስ በጣት ጫፍ ይይዙት ከነበረ ደግሞ እንደ ቢላ በመዳፍዎ ውስጥ አድርገው ይሞክሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ሹራብ። ከብረት መርፌ ይልቅ የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ቀላል ነው፤ ለእጅም አይቀዘቅዝም። በቀጭን ገመድ የተያያዙትን መርፌዎች ካገኙ የሹራቡ ክብደት ጭንዎ ላይ ስለሚያርፍ የእጅ አንጓዎ ይገላገላል። ክሩን በጣት ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ጣትን ያስራል፤ አንድ ዙር ይበቃል።

ጥልፍ። ጨርቁን የሚወጥረውን ክብ በግራ እጅ ጨምድዶ መያዝ ሳይታወቅ ብዙ ጉልበት ይበላል። ክቡን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ደገፍ አድርገው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት፤ ወይም ባለ እግር ወጣሪ አናጺ ያሠሩ። መርፌ አልወጣ ሲል በጥፍር አይታገሉ፤ ከአሮጌ የጎማ ጓንት የተቆረጠች ቁራጭ ላስቲክ ይዘው ቢስቡት ሳይንሸራተት ይወጣል። ክር ማስገባቱን በአንድ ጊዜ ይጨርሱት፤ አንድ ልጅ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ስፖንጅ ላይ ቢሰካልዎት ለሳምንት ይበቃዎታል።

ፈትል። ባዘቶውን በጣት ጫፍ አጥብቆ መሳብ አውራ ጣትን ያደክማል። ባዘቶው በደንብ የተነደፈና የላላ ሲሆን ራሱ ስለሚመጣ ንድፉ ላይ አይቆጥቡ። እንዝርቱን በጣቶች ከማሾር በመዳፍ ጭን ላይ ማንከባለል ይሻላል። ልቃቂቱ እስኪከብድ አይጠብቁ፤ ቶሎ ቶሎ ያራግፉት።

የአለላ ስፌት። ከሁሉም ከባዱ ወስፌ ነው፤ ቆንጥጦ መያዝም መግፋትም አለበት። እጀታው መዳፍዎን የሚሞላ እንዲሆን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ የሚገፋውም መዳፍዎ ይሁን። ስንደዶውንና አክርማውን በደንብ አርጥበው ይጠቀሙ፤ ደረቅ ሣር ጣት ይፈጃል። ሕመሙ ሲበረታ ከመሶብ ወደ ትንሽ ሙዳይ ይውረዱ።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መሥራት። በሌሎች አገሮች ለብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ የሆነው ይህ ጥበብ በእኛም ቤት ለአሮጌ ጨርቅ ጥሩ መላ ነው። ለታመመ እጅ ጥሩነቱ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ መሠራቱ ነው፤ ክብደቱ ጭንዎ ላይ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ሲገጣጠም ብቻ ነው። ከባዱ መቁረጡ ነው። ጨርቁን ልብስ ሰፊ ዘንድ በልክ ያስቆርጡት፤ ቀጥ ያለውን ስፌት ለመኪና ይተዉት፤ ለእጅዎ ጌጡን ያስቀሩ። ቤት ውስጥ ለሚቆርጡት ደግሞ ሲለቁት ራሱ የሚከፈት ባለ ስፕሪንግ መቀስ ይፈልጉ።

በአቦልና በቶና መካከል

ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በመጥፎው ቀን ሳይሆን በጥሩው ቀን ነው። «ዛሬ ደህና ነኝ» ይልና ሦስት ሰዓት ሙሉ ይሠራል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛል። ዳነ ብሎ እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ይተኛል። ይህ አዙሪት ከሥራው ብዛት በላይ ይጎዳል፤ በመጨረሻም «የእጅ ሥራ ለእኔ አልሆነኝም» ያሰኛል።

መላው መጠኑን ከስሜት ሳይሆን ከሰዓት ጋር ማሰር ነው። በስልክዎ 20 ደቂቃ ይሙሉ፤ ሲደወል መሃል ረድፍ ላይ ቢሆኑም ያቁሙ። እጅዎን ያራግፉ፣ ተነሥተው ይራመዱ፣ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት። ስልክ የማይወዱ ከሆነ ባህላችን የራሱ ሰዓት አለው፤ ቡና ነው። አቦሉ ሲቀዳ ኪሮሹ ይቀመጥ፤ ስኒው ሲመለስ ይነሳ። ቶናው ሲቀዳ እንደገና ይቀመጥ። በረካው ላይ የዕለቱ ሥራ ይብቃ።

ልክዎን የሚያውቁበት ቀላል መመዘኛም አለ። ሥራውን ካቆሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሕመሙ ከመጀመርዎ በፊት ከነበረው ብሶ ከቆየ፣ የዛሬው በዝቷል ማለት ነው፤ ነገ ይቀንሱ። ካልባሰ ልክዎ ነው። ሳምንት ሙሉ ካልባሰ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሠርግ፣ ክርስትና፣ ዒድ ወይም ጥምቀት ሲቃረብ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የመጨረስ ልማድም ይታሰብበት። 40 ሰዓት የሚፈጅ ብርድ ልብስ በቀን 40 ደቂቃ ቢሠራ 60 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ የሚጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ቀኑ አጥሮ ከሆነ ትንሽ ነገር ይሥሩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማወቅ ያጽናናል። ለወራትና ለዓመታት በቆየ ሕመም ውስጥ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ንቁ ስለሚሆን፣ የሚሰማዎት ሕመም ሁልጊዜ አዲስ ጉዳት አለ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሕመሙን ያባብሱታል፤ የሚወዱትን ነገር በልኩ መሥራት ደግሞ ሐሳብን ከሕመሙ ላይ ያነሳል። ኪሮሽዎን ሙሉ በሙሉ መተው ያላተረፈዎትም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች እንዴት ተወጡት?

አሜሪካዊቷ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ በ1860 እ.ኤ.አ. የተወለደች የገበሬ ሚስት ነበረች። በእርጅናዋ በክር የሚጠለፉ ሥዕሎች ትሠራ ነበር፤ አርትራይተስ ግን መርፌ መያዝ አስቸገራት። ያን ጊዜ እህቷ «ብሩሽ ይቀልሻልና ሥዕል ሞክሪ» የሚል ሐሳብ አቀረበችላት። በሰባዎቹ መጨረሻ ዕድሜዋ ወደ ሥዕል ዞረች፤ በ1940 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕይዋ በኒውዮርክ ተከፈተ። ዓለም «ግራንድማ ሞዝስ» ብሎ አወቃት፤ በ101 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ከ1,500 በላይ ሥራዎችን ሠርታለች። ይዛው የነበረው የገጠር ሕይወት ትዝታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦጉስት ሬኗር ደግሞ ከሃምሳ ዓመቱ ገደማ ጀምሮ እስኪያርፍ፣ እስከ 1919 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ኖሯል። ጣቶቹ ተኮራምተው ብሩሹን ረዳቶቹ ያስይዙት ነበር፤ የመዳፉ ቆዳ እንዳይቆስል በጨርቅ ይጠቀለል ነበር። ትልቅ ሸራ ላይ መድረስ ሲያቅተው ሸራው በጥቅልል እየዞረ ወደ እሱ እንዲመጣ ተደረገለት። ዛሬ ብንተረጉመው፣ ቢጎዲን ኪሮሽ ላይ ከማጥለቅ የተለየ ነገር አይደለም።

ሐኪምና መድኃኒት

የእጅ ሕመምዎ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም እብጠትና ረጅም የጠዋት መተሳሰር ካለው፣ ይመርመሩ። በአገራችን የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በቁጥር ጥቂት በመሆናቸው መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ መሄድ ጥሩ መነሻ ነው። የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል ካገኙ የአውራ ጣት ድጋፍ ወይም ስፕሊንት ይጠይቁ፤ የአውራ ጣት ሥር ኦስቲኦአርትራይተስ ላለባቸው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች በግልጽ የሚመክሩት ነገር ነው። ብዙዎች እሱን አድርገው ኪሮሻቸውን ይሠራሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ለእጅ ኦስቲኦአርትራይተስ እንደ ዳይክሎፍናክ ያሉ የሚቀቡ መድኃኒቶች ከሚዋጡት ቀድመው ይመከራሉ፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ነውና። ከተቀቡ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እጅዎን አይታጠቡ፤ ዓይንዎንም አይንኩ። የሚዋጡት ዳይክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ የደም ግፊትን ሊጨምሩና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ በተለይ የጨጓራ፣ የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ሐኪም ሳያዝልዎት አይጀምሯቸው።

ትልቁ ጥንቃቄ «አንድ ቀን አስነሣኝ» ስለሚባሉት ክኒኖችና መርፌዎች ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን በሐኪም እጅ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰዱ ግን ስኳርና ግፊትን ያወጣሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፤ በድንገት ማቆማቸውም አደገኛ ነው። እየወሰዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪም ይንገሩና በሥርዓት ይቀነስልዎት። ስም የሌለው በወረቀት የተጠቀለለ ክኒንም አይቀበሉ። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት ከታዘዘልዎት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አስምረው ይያዙ፤ በየቀኑ መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶና አተኩሶ ትኩሳት ካለዎት፣ ወይም ጣትዎ በድንገት ኃይል አጥቶ ዕቃ ከያዘበት ከጣለ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዕለቱን ይታዩ።

ለቤተሰብ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ስለ እናትዎ፣ ስለ አክስትዎ ወይም ስለ ባለቤትዎ ብለው ከሆነ ይህ ክፍል የእርስዎ ነው።

«እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለው ቃል ከፍቅር ይመጣል። ግን ስናየው ብዙ ጊዜ የምንቀማቸው ደስ የሚላቸውን ነው፤ የምንተውላቸው ደግሞ የሚያደክማቸውን። ኪሮሹን ከእጃቸው ተቀብለን አስቀምጠን ማታ የሠሩትን ወጥ እንበላለን። እስቲ በተቃራኒው ይሞክሩት። ሽንኩርቱን፣ የልብሱን መጭመቅ፣ የዘንቢሉን መሸከም ይቀበሏቸው። የቤት ሠራተኛ ካለችም ይህንን በግልጽ ይነጋገሩበት፤ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ ትንንሾቹ ነገሮች አሉ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ለልጅ ልጆች ጥሩ ሥራ ነው፤ አንዱን ሲያስገቡ የአያታቸውን እጅ ያያሉ፣ ሳያውቁትም ሙያውን ይማራሉ። ስጦታ ሲያስቡ ከሌላ ጫማ ይልቅ ባለ ወፍራም እጀታ ኪሮሽ፣ ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ወይም ቀላል ወንበር ይግዙላቸው። ሥራው ሲዘገይ «መቼ ነው የሚያልቀው?» አይበሉ። ሕመሙ ከውጭ አይታይም፤ «ትናንት ትሠሪ አልነበረም?» የሚለው ጥያቄ ሕመሙን እንዲደብቁ ያደርጋቸዋል እንጂ አይረዳቸውም።

ከሁሉም በላይ የሠሩትን ይጠቀሙበት። ያ ሻርፕ በብዙ ሃያ ደቂቃዎች የተሠራ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ አጥፎ ከማስቀመጥ ለብሶ መታየት ይሻላል፤ «እጅዎ ይባረክ» የምትለዋም ቃል አትቅር።

ከዛሬ የሚጀመር

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመቀየር አይሞክሩ። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ የኪሮሹን እጀታ ማወፈር ወይም የሃያ ደቂቃውን ደወል መሙላት ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤቱ ሥራ አንዱን ለሌላ ሰው ያስረክቡ። በወሩ መጨረሻ እጅዎ ላይ የሚሰማዎትን ከዛሬው ጋር ያነጻጽሩ። ያኔም መተው ካለብዎት ቢያንስ በልክዎ ሞክረውት ነው የሚተዉት። አብዛኛው ሰው ግን አንድ ብርድ ልብስ ዘግይቶ ሲጨርስ ሌላውን ለመጀመር ክር ይፈልጋል።